ከመጽሐፉ በፊት ልጁን እዩ፦ ለየልጁ የሚስማማ የቤት ትምህርት ካሪኩለም አመራረጥ

ሁለት ልጆች፣ አንድ ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ። ቤት ማስተማር ስጀምር የሠራሁት ስህተት ይሄ ነው። የዓመቱን ትምህርት በሙሉ የያዘ፣ በየትኛው ቀን የትኛው ገጽ እንደሚሠራ ሳይቀር የተጻፈበት ጥቅል ገዛሁና እፎይ አልኩ። ትልቁ ልጄ እንደ ውሃ ጠጣው። ታናሽ እህቱን ግን በሦስተኛው ሳምንት ገና ደብተሩን ስታየው ሆዷን ያማት ጀመር። እኔም ሰነፈች ብዬ ደመደምኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ። የከበዳት ሒሳቡ አልነበረም፤ ከሒሳቡ በፊት ያለው አምስት መስመር መመሪያ ነው። ማንበቡ ገና ስላልቀለላት ጥያቄው ጋ ሳትደርስ ትደክማለች።

ያኔ የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ የምከተለው ቅደም ተከተል ይኸውላችሁ።

1. ሕጉን አጣሩ፣ መውጫውንም አስቡ

ይቺ አጭር ናት፣ ግን አትዝለሏት። ጀርመን ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታው ስለሆነ ቤት ማስተማር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ50ውም ግዛቶች ይፈቀዳል፤ የሚጠየቀው ግን እንደየግዛቱ ይለያያል። አንዱ ማሳወቂያ እንኳ አይፈልግም፣ ሌላው በየዓመቱ ፈተና ወይም የልጁን ሥራ ሰብስባችሁ እንድታሳዩ ይጠይቃል። እናንተ ያላችሁበት አገር ምን እንደሚል ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያዙ።

ከዚያ መውጫው። ልጁ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳል? ብሔራዊ ፈተና ይቀመጣል? እንደዚያ ከሆነ እዚያ የሚጠበቅበትን የይዘት ዝርዝር አሁኑኑ አግኙና ከምትመርጡት መጽሐፍ ማውጫ ጎን አስቀምጡት። በሁሉም ነገር መመሳሰል የለባቸውም። ሒሳብና ቋንቋው ግን በጣም ከተራራቁ፣ በኋላ የምታለቅሱት እናንተ ናችሁ።

2. “ልጄ በዐይኑ ነው የሚማረው” የሚለውን ለጊዜው እርሱት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው እንደማይስማማኝ አውቃለሁ። ካሪኩለም ስለመምረጥ የተጻፈ ነገር ስትፈልጉ መጀመሪያ የምታገኙት ልጆችን በማየት የሚማሩ፣ በመስማት የሚማሩ፣ በመንካት የሚማሩ ብሎ የሚከፍል መጠይቅ ነው። ሞልታችሁ ስትጨርሱ የልጃችሁ “ዓይነት” ይወጣና ለዚያ ዓይነት የሚሆን መጽሐፍ ይጠቆማል።

ችግሩ ነገሩ ሲፈተን አለመጽናቱ ነው። በ2008 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ በዚህ ዙሪያ የተጻፉትን ጥናቶች መርምረው ነበር። ጥያቄያቸው ቀላል ነው፦ “በማየት የሚማር” የተባለው ልጅ በሥዕል ሲማር፣ “በመስማት የሚማር” የተባለው ደግሞ በድምፅ ሲማር ውጤታቸው ይሻላል ወይ? ይህን በትክክለኛ መንገድ የፈተኑት ጥናቶች በጣም ጥቂት ሆነው ተገኙ። ከነሱም ውስጥ ሐሳቡን የሚቃረኑ ነበሩ። ልጆች ምርጫ የላቸውም ማለት አይደለም፣ አላቸው። የሚወዱት መንገድና የተሻለ የሚማሩበት መንገድ ግን ሁሌ አንድ አይደለም።

እስቲ አስቡት። ካርታ ለማንበብ ማንም ልጅ ካርታ ማየት አለበት። የቋንቋ አነጋገር ለመያዝ ማንም ልጅ መስማት አለበት። መንገዱን የሚወስነው በአብዛኛው ትምህርቱ ራሱ ነው።

ታዲያ ልጆች አይለያዩም? በደንብ ይለያያሉ። ልዩነቱ ያለው ግን ቀድሞ በሚያውቁት ነገር፣ በንባብ አቅማቸው፣ ቀልባቸውን ሰብስበው በሚቆዩበት ጊዜ፣ ሲሳሳቱ በሚሆኑት ሁኔታና ያለ እናንተ ብቻቸውን መሥራት በመቻላቸው ላይ ነው። ካሪኩለም የሚመረጠው በእነዚህ ነው።

3. ሁለት ሳምንት ዝም ብላችሁ ተመልከቱ

ምንም አትግዙ። ያላችሁን መጽሐፍ ወይም ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኝ ነገር ተጠቀሙ። ለምሳሌ ካን አካዳሚ ነፃ ነው፣ ለዚህ ይበቃል። አንድ ትንሽ ደብተር ያዙና በየቀኑ ሁለት ሦስት መስመር ጻፉ። የምታዩት የሚከተለውን ነው።

ልጁ ከስንት ደቂቃ በኋላ ነው ዐይኑ የሚሄደው? በግምት አትጻፉ፣ ሰዓት እዩ። እኔ “አንድ ሰዓት ትቀመጣለች” ብዬ የማስባት ልጅ በሰዓት ሲታይ አሥራ አንድ ደቂቃ ነበረች።

የሚቆምበት ቦታ የቱ ጋ ነው? ይሄ ከሁሉም ይበልጣል። ልጁ ሒሳብ ላይ ሲቆም ጥያቄውን እናንተ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ስታነቡለት ከሠራው ችግሩ ንባብ ነው። ተነቦለትም ካልሠራ፣ በቃል እንዲመልስላችሁ ጠይቁት። በቃል መልሶ ወረቀት ላይ ካቃተው ችግሩ መጻፉ ጋ ነው። በቃልም ካልመለሰ ሐሳቡ አልገባውም ማለት ነው። አንድ ጥያቄ፣ ሦስት ሙከራ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ብዙ ወላጅ ይቺን ሳያደርግ የሒሳብ መጽሐፍ ይቀይራል።

ሐሳቡ አልገባውም ስንል ምን እንደሚመስል ደግሞ እንይ። ሲሶና ሩብ የቱ ይበልጣል ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ልጅ በቁጥር ተጽፎ ሲያየው 1/4 ይበልጣል ይላል፣ 4 ከ3 ስለሚበልጥ። አመክንዮው በራሱ ቦታ ትክክል ነው! እንግዲህ ሁለት እኩል ወረቀት ስጡት። አንዱን ሦስት ቦታ፣ ሌላውን አራት ቦታ ያጥፍ፤ ከየአንዱ አንድ ክፍል ይቅደድና ደራርቦ ያስተያይ። እዚህ ጋ ፊቱን ተመልከቱ። “አሃ!” ካለ፣ ይህ ልጅ በምልክት ከሚጀምር መጽሐፍ በፊት በዕቃና በሥዕል የሚጀምር መጽሐፍ ያስፈልገዋል። ወረቀቱን ሳይነካ “ለብዙ ሰው ሲካፈል ያንሳል” ያላችሁ ልጅ ግን ያንን ደረጃ አልፎታል፣ ብሎክ ስታስደረድሩት ይሰለቻል።

ሲሳሳትስ? ይስቃል፣ ይደብቃል፣ ያለቅሳል፣ ወይስ ገጹን ይቀድዳል? ጻፉት።

በትርፍ ሰዓቱ ምን እንደሚወድም ጻፉ፣ ግን ብዙ አትመኩበት። ዳይኖሰር የሚወድ ልጅ ዳይኖሰር የተሳለበት የሒሳብ መጽሐፍ ስለተሰጠው ሒሳብ አይወድም። ሞክሬዋለሁ።

4. ዕድሜውን ሳይሆን ደረጃውን ፈልጉ

መጽሐፉ ጀርባ ላይ ያለው የክፍል ቁጥር የሚናገረው ስለ መጽሐፉ ነው። አንድ ልጅ በንባብ አራተኛ ክፍል፣ በሒሳብ ሁለተኛ፣ በመጻፍ ደግሞ አንደኛ ሊሆን ይችላል፤ ይሄ በሽታ አይደለም። አብዛኞቹ የሒሳብ ካሪኩለም አዘጋጆች ድረ ገጻቸው ላይ የደረጃ መለያ ፈተና በነፃ ያስቀምጣሉ። አስፈትኑት፣ ስትፈትኑትም አትርዱት፣ አታስታውሱት፣ ቅንድባችሁንም አትስቀሉበት፤ ልጆች ቅንድብ ያነባሉ።

ለንባብ የቆየች ዘዴ አለች። ከመጽሐፉ መሃል አንድ ገጽ ክፈቱና ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብ። ያቃተውን ቃል በጣቱ ይቁጠር። አምስት ጣት ከሞላ መጽሐፉ ለብቻው እንዲያነበው ይከብደዋል። እናንተ የምታነቡለት ከሆነ ግን ችግር የለውም።

በሁለት ደረጃ መሃል ከዋለላችሁ ሒሳብን ዝቅ ካለው ጀምሩ። ቀላሉን ቶሎ ይጨርሰውና ያልፋል።

5. የትኛው ልጅ፣ የትኛው መጽሐፍ

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። ልጃችሁ ከታች ካሉት ከአንዱ በላይ ሊመስል ይችላል፣ ያ የተለመደ ነው።

*ማንበብ የሚያስቸግረው።* ይሄኛው ላይ አትቀልዱ። የሚያስፈልገው ፊደልንና ድምፅን በግልጽ፣ ከቀላል ወደ ከባድ፣ አንዱን ካጸና በኋላ ብቻ ወደ ሌላው እያለፈ የሚያስተምር መጽሐፍ ነው። በ1930ዎቹ ሐኪሙ ሳሙኤል ኦርተንና አስተማሪዋ አና ጊሊንግሃም ያስጀመሩት፣ ልጁ ድምፁን እየሰማ፣ ፊደሉን እያየ፣ በጣቱም እየጻፈ የሚማርበት አካሄድ የዚህ ዓይነት ብዙ ካሪኩለሞች አያት ነው። “ሥዕሉን አይተህ ቃሉን ገምት” የሚል መጽሐፍ ካያችሁ መልሱት። ዲስሌክሲያ (ፊደልንና ድምፅን ማገናኘት የሚያከብድ የንባብ ችግር) አለበት ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ መጽሐፍ ከመቀያየር በፊት ባለሙያ ይየው። አንድ ሌላ ነገር፦ ንባቡ እስኪስተካከል ታሪክና ሳይንሱ መቆም የለበትም። እነሱን አንብቡለት ወይም በድምፅ የተቀረጸ ያዳምጥ። ጭንቅላቱ ዐይኑን ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለበትም።

*ቅብጥብጡ።* የልጁን ደቂቃ ለክታችኋል አይደል? ትምህርቱ በዚያ ልክ የሚቆረጥ መጽሐፍ ፈልጉ። እንግሊዛዊቷ አስተማሪ ሻርሎት ሜሰን ከመቶ ዓመት በፊት ለትንንሽ ልጆች የሚሰጥ ትምህርት ከ20 ደቂቃ እንዳይበልጥ ትመክር ነበር፣ እስካሁን በሷ መንገድ የሚሄዱ ካሪኩለሞች ይህንኑ ይከተላሉ። ገጹ ላይ ጥያቄ ያልበዛበት፣ ነጭ ቦታ ያለው፣ ዳር ዳሩን ካርቱን ያልሞላው ይሁን። ካርቱን ለቅብጥብጥ ልጅ ያስደስተዋል ብለን እናስባለን፤ የቀረችውንም ቀልብ የሚወስዳት እሱ ነው።

*ቶሎ ገብቶት የሚሰለቸው።* ትልቁ ስህተት ለዚህ ልጅ “ተጨማሪ” መስጠት ነው። ሃያ ጥያቄ ጨረሰ፣ ሌላ ሃያ። ይሄ ሽልማት ነው ቅጣት? ከየምዕራፉ በፊት ቅድመ ፈተና ያለው፣ ያወቀውን እንዲዘል የሚፈቅድ፣ ጥቂት ግን የሚያስቸግሩ ጥያቄዎች ያሉት መጽሐፍ ምረጡ። ምልክቱ ይሄ ነው፦ ልጁ አንድ ጥያቄ ላይ አሥር ደቂቃ ካሰበ ጥሩ መጽሐፍ አግኝታችኋል።

*ስህተት የሚፈራው።* ለዚህኛው ከመጽሐፉ ይልቅ ነጭ ሰሌዳ ግዙለት። የሚጠፋ ነገር ላይ የሚሳሳት ልጅ በስህተቱ አይፈርድበትም። ካሪኩለሙ በየገጹ ነጥብ የሚሰጥ፣ በየሳምንቱ የሚፈትን፣ ልጁ ሲሳሳት ኮምፒውተሩ “ጢጥ” የሚልበት አይሁን። መልሱን ብቻ ሳይሆን አሠራሩን የሚያሳይ የመልስ መጽሐፍ ያለው ይሁንና ራሱን በራሱ ያርም።

*“ለምን?” የሚለው።* ሙሉውን ነገር ሳያይ ቁርጥራጩ አይገባውም። ለሱ በፕሮጀክት ወይም በአንድ ርእስ ዙሪያ የሚሄድ የታሪክና የሳይንስ ካሪኩለም ይሆነዋል። አሜሪካዊው ጆን ሆልት በ1977 ቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች መጽሔት ጀምሮ ያስፋፋው ልጁ የፈለገውን እየተከተለ ይማር የሚለው ሐሳብም ለዚህ ዓይነት ልጅ ደስ ይላል። እኔ በበኩሌ ሳይንስና ታሪክ ላይ እቀበለዋለሁ፤ ማንበብ መጀመርና ሒሳብ ላይ ግን አልቀበለውም። እነዚህ ሁለቱ ደረጃ አላቸው፣ አንድ መወጣጫ ሲጎድል የሚታወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ሒሳብ ስትመርጡ ደግሞ አንድ ሌላ መለያ ታገኛላችሁ። አንዳንዱ መጽሐፍ አንድን ነገር ይዞ፣ ማካፈልን እንበል፣ እስኪጸና ከሱ አይነቃነቅም። ሌላው ዛሬ ማካፈል፣ ነገ ሰዓት፣ ከነገ ወዲያ ቅርጽ እያለ ይዞርና ከሁለት ሳምንት በኋላ ትንሽ ከበድ አድርጎ ወደ ማካፈል ይመለሳል። ወላጆች በዚህ ጉዳይ እንደ ኳስ ደጋፊ ይከራከራሉ። የኔ ምክር፦ ርእስ ሲቀያየርበት የሚደናበረው ልጅ የመጀመሪያውን ይውሰድ። ዛሬ አውቆ በወሩ የሚረሳው ሁለተኛውን ይውሰድ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ራሱን እየፈተነ እንዳሳየው የተማርነው ነገር በፍጥነት ነው የሚጠፋው፣ ጊዜ እየሰጡ መመለስ ያቆየዋል። የመጀመሪያውን ዓይነት ከመረጣችሁም በየቀኑ ከቀድሞ ምዕራፍ ሦስት ጥያቄ ጣል አድርጉበት፣ ክፍተቱ ይሞላል።

6. አስተማሪውንም መርምሩ፣ ማለትም ራሳችሁን

ካሪኩለሙ ከልጁ ጋር ገጥሞ ከናንተ ጋር ካልገጠመ በሁለተኛው ወር መደርደሪያ ላይ ነው። የመምህሩን መምሪያ ክፈቱ። አንዳንዱ የምትናገሩትን ቃል በቃል ይጽፍላችኋል። ሒሳብ የሚያስፈራችሁ ከሆነ ይሄ ዕረፍት ነው፤ በራሳችሁ መንገድ ማስረዳት የምትወዱ ከሆነ ደግሞ ያንቃችኋል። ሌላው በየትምህርቱ ዕቃ አዘጋጁ፣ ቁረጡ፣ ለጥፉ ይላል። ከምሽት ሥራ በኋላ ትቆርጣላችሁ ወይ? እውነቱን መልሱ።

ከአንድ ልጅ በላይ ካላችሁ ሁሉንም ትምህርት ለየብቻ ለማስተማር አትሞክሩ፣ ቀኑ አይበቃም። ታሪክና ሳይንስን በአንድ ርእስ አንድ ላይ አስተምሩ፣ ትልቁ ይጽፍ፣ ትንሹ ይሣል ወይም በቃሉ ይተርክ። ሒሳብና ንባብ ብቻ በየደረጃቸው።

7. ከመግዛታችሁ በፊት መሃሉን ሞክሩ

ናሙና አውርዱ። የመጀመሪያው ምዕራፍ የማንም መጽሐፍ ቆንጆ ነው፣ አትታለሉበት። ልጁ በደረሰበት ደረጃ ካለው መጽሐፍ መሃል አንድ ትምህርት ምረጡና ሦስት ቀን አስተምሩበት። መጀመሪያ ቀን አዲስ ስለሆነ ደስ ይለዋል፤ መፍረድ ካለባችሁ በሦስተኛው ቀን ፍረዱ።

በዚያው ላይ እነዚህን እዩ፦ ልጁ የሚጽፍበት መጽሐፍ ነው ወይስ ለታናሹም ይተርፋል? ዲጂታል ከሆነ ለአንድ ልጅ ነው ወይስ ለቤተሰቡ የሚፈቀደው? መመለስ ይቻላል? ከከፈታችሁት በኋላስ?

የሌሎችን አስተያየት ስታነቡ “ልጆቼ ወደዱት” ከሚለው ይልቅ “ዓመቱን ጨርሰናል” የሚለውን ፈልጉ። ገና ካርቶኑን የከፈተ ሰው ሁሉ ደስተኛ ነው።

እና እባካችሁ ሁሉንም ትምህርት ባንድ ጊዜ አትግዙ። መጀመሪያ ሒሳብና ንባብ፣ ወር ቆይቶ የቀረው።

8. ስድስት ሳምንት ስጡት

በሁለተኛው ሳምንት መጽሐፍ የሚቀይር ወላጅ የሚያየው የልጁን አለመልመድ ነው። ስድስት ሳምንት ሲሞላ ሁለት ነገር እዩ።

አንደኛ፣ ልጁ በቀን ሥራው ከአምስት ጥያቄ አራቱን ያህል በራሱ ይመልሳል? ሁሌ አምስቱንም ከመለሰ ቀሎታል፣ ሁለቱን ብቻ ከሆነ ከብዶታል። የዚህ መፍትሔው ደረጃውን መቀየር ነው፣ ካሪኩለሙን አይደለም።

ሁለተኛ፣ መጽሐፉን ዝጉና ከሳምንት በፊት የተማረውን ይንገራችሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ሲያነቡና አንብበው ራሳቸውን ሲፈትኑ አነጻጽረው ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ራሳቸውን የፈተኑት ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ገጹን ጥርት አድርጎ መሥራቱ ብዙ አይነግራችሁም።

ውጤቱ ካላማራችሁ፣ ከመቀየራችሁ በፊት አጠቃቀሙን ቀይሩ። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ጥያቄዎች ብቻ አሠሩት። መመሪያውን አንብቡለት። የሚጻፈውን በቃል አድርጉት። ትምህርቱን ለሁለት ቀን ክፈሉት። እኔ ለልጄ መመሪያውን እያነበብኩላት፣ መልሱን ነጭ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ያንኑ “የጠላችውን” የሒሳብ መጽሐፍ እስከ ግማሽ ሄደንበታል። ከዚያ በኋላም ቀየርነው፣ ግን ያኔ ለምን እንደምንቀይረው እናውቅ ነበር፤ ገጹ ይጨናነቅባት ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ያልሆናችሁን መጽሐፍ ለሌላ ቤተሰብ ስትሰጡ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ መስመር ጻፉበት፦ ለምን እንዳልሆናችሁ፣ የት ጋ እንዳቆማችሁ። ከዚያ ካርቶን ውስጥ ለትልቁ ልጄ የሆነውን የሳይንስ መጽሐፍ አስቀርቼ የሒሳቡን ስሰጥ “ልጁ ማንበብ ከቀለለው ጎበዝ መጽሐፍ ነው፣ ምዕራፍ አራት ላይ ቀስ በሉ” ብዬ ጻፍኩበት።